«ቢዘጋ ማን ይንገላታል?» የሴትል–ካርላይል የባቡር መስመር፣ ጣቢያዎቹና የሕዝብ ምክክሩ

በ1980ዎቹ አጋማሽ በሰሜን እንግሊዝ አንድ የባቡር መስመር ሊዘጋ ታስቦ ሕዝቡ ቃሉን እንዲሰጥ ተጠራ። የተጠየቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ መስመሩ ቢዘጋ ማን ይንገላታል? ጣቢያዎቹ ያምራሉ፣ ድልድዩ ታሪክ ነው፣ የቀረበው የወጪ ሒሳብ ተጋኗል ብሎ መናገር ክልክል አልነበረም፤ ቃሉን የሚሰማው ኮሚቴ ግን በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ ሐሳብ የማቅረብ ሥልጣን አልተሰጠውም። ይህ የጉዳይ ጥናት ያ ጠባብ ጥያቄ እንዴት እንደተመለሰ፣ ከመልሱም በኋላ ባዶ የቀሩት የጣቢያ ሕንፃዎች በምን መንገድ ወደ አገልግሎት እንደተመለሱ ይመለከታል። የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መስመሩና ጣቢያዎቹ

ሴትል ከምትባለው ትንሽ የገበያ ከተማ ተነሥቶ የፔናይን ተራሮችን እያቋረጠ ካርላይል የሚደርሰው መስመር 116 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የሠራው ሚድላንድ የተባለው የባቡር ኩባንያ ነው። ወደ ስኮትላንድ የሚወስድ የራሱ ሐዲድ ስላልነበረው መንገደኞቹን በተፎካካሪው መስመር ላይ ለማሳለፍ ሁልጊዜ ደጅ ይጠና ነበር። በ1869 ከተፎካካሪው ጋር ስምምነት ሲጀምር ይህን ከባድ ሥራ ለመተው ፓርላማውን ጠየቀ፤ ፓርላማው ግን አልፈቀደለትም። ስለዚህ መስመሩ ባለቤቱ ሊተወው ፈልጎ በግድ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። የጭነት ባቡር በ1875፣ የመንገደኞች ባቡር ሜይ 1 ቀን 1876 ተጀመረ።

የመስመሩ ትልቁ ግንባታ የሪብልሄድ ድልድይ ነው። 24 ቅስቶች አሉት፤ ርዝመቱ 400 ሜትር፣ ከፍታው 32 ሜትር ያህል ነው። በየስድስት ቅስቱ አንዱ ምሰሶ ከሌሎቹ ወፍሮ ተሠርቷል። አንዱ ምሰሶ ቢወድቅ ቀጣዮቹን ተራ በተራ እየጎተተ ድልድዩን በሙሉ እንዳያፈርስ፣ ጉዳቱ በስድስት ቅስት ውስጥ እንዲቆም ታስቦ ነው።

የጣቢያዎቹን ሕንፃ የነደፈው የሚድላንድ አርክቴክት ጆን ሆሎዌይ ሳንደርስ ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ አዲስ ፕላን አላወጣም። ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ ብሎ ሦስት ዓይነት አዘጋጀና እንደ ከተማው ስፋት አከፋፈላቸው። ሴትል፣ አፕልቢና ከርክቢ ስቲቨን ትልቁን አገኙ፤ ሆርተን፣ ሪብልሄድና ዴንት ትንሹን። ይህ ዝርዝር ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ለእድሳት ጠቅሟል። የአንዱ ጣቢያ የእንጨት ሥራ ወይም የመስኮት ቅርጽ ቢጠፋ በሌላው ላይ መለካት ይቻላልና። ድንጋዩ ግን እንደየቦታው ይለያያል፤ የአፕልቢ ጣቢያ ደግሞ ጭራሽ በቀይ ጡብ ነው የተሠራው። ስለዚህ ከአንዱ ጣቢያ ልኩን እንጂ የግንባታ ዕቃውን መገልበጥ አያዋጣም።

አንዳንዶቹ ጣቢያዎች ስማቸውን ከሰጧቸው መንደሮች ይርቃሉ። የዴንት ጣቢያ ከመንደሩ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከባሕር ወለል በላይ 350 ሜትር ላይ በመቀመጡም በእንግሊዝ ዋና መስመሮች ላይ ካሉት ጣቢያዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ከርክቢ ስቲቨን ከከተማው ወጣ ብሎ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። መሐንዲሶቹ ይጨነቁ የነበረው ፈጣን ባቡር ተራራውን እንዴት ይውጣ በሚለው ነው እንጂ የመንደሩ ሰው እንዴት ጣቢያው ይድረስ በሚለው አልነበረም። ስለ እድሳት ሲመከር ይህ ርቀት ደጋግሞ ብቅ ይላል።

ከመዘጋቱ በፊት የተዘጋው

ሜይ 4 ቀን 1970 በመስመሩ ላይ ከሴትልና ከአፕልቢ በቀር ያሉት ትናንሽ ጣቢያዎች በሙሉ ለመንገደኛ ተዘጉ። ሐዲዱ ይሠራል፣ ባቡሩ ያልፋል፤ አይቆምም። ጣቢያ እንዲህ ሲዘጋ ሕንፃው ብቻ ሳይሆን ልማዱም ይፈርሳል። ሰዉ አውቶቡስ ይለምዳል፣ መኪና ይገዛል፣ ልጆቹን ሌላ ትምህርት ቤት ይልካል። ከአሥር ዓመት በኋላ «ባቡሩ ቢመጣ ትሳፈራለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ግምት ነው።

በ1975 የዮርክሻየር ዴልስ ብሔራዊ ፓርክ አስተዳደር ይህን ግምት በተግባር ፈተነው። ባቡር ተከራይቶ፣ የተዘጉትን መሳፈሪያዎች ጠጋግኖ፣ በተወሰኑ ቅዳሜና እሑዶች ዴልስሬይል በሚል ስም አገልግሎት ጀመረ። ከከተማ ተራራ ለመውጣት የሚፈልገውን ያመጣል፤ የገጠሩን ሰው ደግሞ ለገበያ ወደ ከተማ ይወስዳል። ወጪው ትንሽ ነው፣ ነገር ግን ያስገኘው ማስረጃ ማንኛውም መጠይቅ ሊያስገኝ ከሚችለው ይበልጣል፤ ሰው በገዛ ገንዘቡ ቲኬት ቆርጦ ተሳፍሯልና።

በ1982 ከኖቲንግሃም ወደ ግላስጎው የሚሄዱት ፈጣን ባቡሮች በሌላ መስመር እንዲያልፉ ተደረገ። የቀረው በቀን ጥቂት ባቡር ነው። በ1983 የመንግሥቱ የባቡር ድርጅት ብሪቲሽ ሬይል መስመሩን ሊዘጋ ማሰቡን አስታወቀ። ዋናው ምክንያት የሪብልሄድ ድልድይ ነበር። ጥገናው ብዙ ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚፈጅ ተነገረ፤ በ1985 ደግሞ የድልድዩን ሸክም ለማቃለል በላዩ ያለፉት ሁለት ሐዲዶች ወደ አንድ ተቀነሱ።

ሕጉ ያስቀመጠው አካሄድ

አካሄዱን የሚወስነው በ1962 የወጣው የትራንስፖርት ሕግ አንቀጽ 56 ነበር። የባቡር ድርጅቱ መዝጋት ሲፈልግ በአካባቢው በሚነበቡ ሁለት ጋዜጦች፣ በሁለት ተከታታይ ሳምንታት ማስታወቂያ ያወጣል። የትኛው አገልግሎት ከየትኛው ጣቢያ እንደሚቀር፣ በምትኩ ምን እንዳለ ይዘረዝራል፤ ተቃውሞ ለማቅረብም ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይሰጣል። አንድ ተጠቃሚ እንኳ በጽሑፍ ከተቃወመ መዝጋቱ ይታገዳል። የትራንስፖርት ተጠቃሚዎች አማካሪ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ መዘጋቱ በማን ላይ ምን እንግልት እንደሚያመጣና እንዴት ሊቃለል እንደሚችል ለሚኒስትሩ ሪፖርት ያደርጋል። ውሳኔው የሚኒስትሩ ነው።

በዚህ አካሄድ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው፣ ተቃዋሚ መሆን የሚችለው ተጠቃሚው ወይም የተጠቃሚዎች ማኅበር ነው። መስመሩን በሥዕል አይቶ የወደደ ሰው በሕጉ ፊት ድምፅ የለውም። ሁለተኛው፣ ኮሚቴው የባቡር ድርጅቱን የወጪና የገቢ ሒሳብ የመመርመር ሥልጣን የለውም። ድርጅቱ «ድልድዩ ይህን ያህል ያስወጣል» ሲል ከኮሚቴው አባላት ማንም «አሳየን» ሊል አይችልም። ምክክሩን ለማጥበብ የታሰበው ይህ ድንጋጌ ትልቅ ጉድለት ነው ብለን እናምናለን፤ ሚዛኑ ላይ ከሚቀመጡት ሁለት ነገሮች አንዱ ተሸፍኖ ሕዝብ አስተያየት ስጥ ሲባል፣ የሚሰጠው የሚዛኑን ግማሽ ብቻ ነውና።

በማስታወቂያው ላይ የአሠራር ጉድለት ስለተገኘበት ከአንድ ጊዜ በላይ መውጣት ነበረበት። ይህ በብዙ ምክክር የሚታይ ስህተት ነው። ማስታወቂያውን የሚጽፈው ሰው ጉዳዩ ከእሱ ቢሮ የሚታይበትን መልክ ይጽፋል፤ በየጣቢያው የሚቆመውን፣ በተለየ ውል የሚሄደውንና ተያያዥ መስመር ላይ የሚጎዳውን ይዘነጋል። ማስታወቂያ ጎድሎ ከወጣ በኋላ የተሰበሰበው አስተያየት ሁሉ በሕግ ፊት ዋጋ ያጣል። እንዲህ ያለ ጉድለት ለባለጉዳዩ ኪሳራ ነው፤ ለሕዝቡ ደግሞ ለመደራጀት ጊዜ ይሰጣል። እዚህም የሆነው ይኸው ነው።

ከ22,000 በላይ ተቃውሞ

በ1981 የተቋቋመው የመስመሩ ወዳጆች ማኅበር ከሌሎች የትራንስፖርት ማኅበራት ጋር ሆኖ ሰዉ ተቃውሞውን በጽሑፍ እንዲያስገባ ቀሰቀሰ። የገባው ቁጥር ከ22,000 በላይ ሆነ። ከነዚህም አንዱ ሩስዋርፕ የተባለ የእረኛ ውሻ የመዳፉ አሻራ ነበር። ውሻው የአንድ የማኅበሩ መሥራች ነው፤ በባቡሩ ሲጓዝ ቲኬት ይቆረጥለት ስለነበር ከፋይ መንገደኛ ነው ተብሎ ተቃውሞው ተቀባይነት አገኘ። ዛሬ በጋርስዴል ጣቢያ መድረክ ላይ ሐውልቱ ቆሟል። ሕጉ የሚጠይቀው ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም፤ መስመሩን መውደድ አልተቆጠረም፣ ተሳፍሮ መክፈል ተቆጠረ።

የቁጥሩ ብዛት ጋዜጣ ይሞላል፤ ኮሚቴን የሚያሳምነው ግን የእያንዳንዱ ማመልከቻ ይዘት ነው። ስለ እንግልት ሲጠየቅ ሊያገለግል የሚችል ማመልከቻ ሰውየው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚሄድ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ባቡር፣ ለምን ጉዳይ (ሆስፒታል፣ ሥራ፣ ትምህርት፣ ዘመድ) እንደሚጓዝ ይናገራል። ባቡሩ ባይኖር በምን እንደሚሄድ፣ ያ አውቶቡስ ካለ ስንት ሰዓት እንደሚደርስና መመለሻ እንዳለው ይገልጻል። በክረምት በረዶ የተራራው መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚያደርግም ያክላል። «መስመራችንን አትንኩብን» የሚል አንድ መቶ ደብዳቤ ከእንዲህ ያለ አንድ ገጽ ያነሰ ክብደት አለው። ተባዝቶ የተፈረመ ቅጽ ደግሞ ቁጥር ይጨምራል እንጂ አዲስ መረጃ አያመጣም፤ ኮሚቴውም በአንድ መደብ ጠቅልሎ ያልፈዋል።

በ1986 ጸደይ መስመሩ የሚያልፍባቸው አካባቢዎች አማካሪ ኮሚቴዎች በአፕልቢ፣ በካርላይል፣ በሴትል፣ በስኪፕተንና በሊድስ የሕዝብ መድረክ ከፍተው የተቃዋሚዎችን ቃል ሰሙ። መድረኩ በአንድ ትልቅ ከተማ ብቻ አለመደረጉ ተገቢ ነበር። በባቡሩ የሚጠቀመው የገጠር ሰው እንግልቱን ለመናገር ግማሽ ቀን መንገላታት የለበትም።

ሰው እየተሳፈረ መጠየቅ

ጉዳዩን ከተለመደው የመዝጋት ምክክር የለየው ሌላ ነገር አለ። መስመሩ እስኪዘጋ እንዲመራው በብሪቲሽ ሬይል የተመደበው ሥራ አስኪያጅ ሮን ኮተን አገልግሎቱን በማዳከም ፈንታ ማስተዋወቅ ጀመረ። ቅናሽ ቲኬት ወጣ፣ ባቡር ተጨመረ። በ1983 93,000 የነበረው የመንገደኛ ጉዞ በ1989 ወደ 450,000 ደረሰ። በከፊል «ሳይዘጋ እንየው» የሚል ሕዝብ ነው፤ ይህንን መካድ አያስፈልግም። ቁጥሩ ግን ዝም ብሎ አልወረደም።

ከዚህ የበለጠ ደግሞ፣ ጁላይ 14 ቀን 1986፣ የሕዝብ መድረኮቹ ተጠናቀው የኮሚቴዎቹ ሪፖርት ገና ሳይወጣ፣ በአካባቢው ምክር ቤቶች ድጋፍ በ1970 ከተዘጉት ጣቢያዎች ስምንቱ ለመደበኛ አገልግሎት ተከፈቱ። እነሱም ሆርተን፣ ሪብልሄድ፣ ዴንት፣ ጋርስዴል፣ ከርክቢ ስቲቨን፣ ላንግዋዝቢ፣ ላዞንቢና አርማትዌይት ናቸው። ሁሉ ነገር ተሟልቶ አልነበረም። በሪብልሄድ ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር የሚቆምበት መድረክ ቀድሞ ስለፈረሰ ወደ ደቡብ የሚሄደው ብቻ ይቆም ነበር፤ የጎደለው መድረክ የተሠራው በ1993 ነው። የአንድ አቅጣጫ ጣቢያ ጎዶሎ ነው፣ ሆኖም ባለው ጀምሮ ሰው እንዲሳፈር ማድረጉ ትክክል ነበር። መድረኩ እስኪሟላ ቢጠበቅ ኖሮ የሚቆጠር መንገደኛ አይኖርም ነበር።

በዲሴምበር 1986 ኮሚቴዎቹ መዘጋቱ ከባድ እንግልት እንደሚያመጣ ገልጸው መስመሩ እንዳይዘጋ ሐሳብ አቀረቡ።

የድልድዩ ሒሳብ

እንግልቱ ተረጋገጠ፤ ወጪው ግን ሳይመረመር ቀረ። በሜይ 1988 መንግሥት መዝጋቱን ለመፍቀድ ማዘንበሉን አስታወቀና፣ የሚገዛ የግል ባለሀብት ካለ እንዲታይና ተጨማሪ ማስረጃ እንዲቀርብ ጊዜ ሰጠ። ብዙ ምክክር እዚህ ላይ ይሞታል፤ ሕዝቡ ተናግሮ ጨርሷል፣ ደክሟል፣ የቀረው ክርክር የባለሙያ ነው።

የድልድዩ በሽታ ከላይ የሚገባ ውኃ ነበር። ከሐዲዱ ሥር ያለው ውኃ ከልካይ ንጣፍ ሲያረጅ ዝናብ በቅስቱ አልፎ ወደ ምሰሶው ውስጥ ይሰርጋል፣ የድንጋዩን ማያያዣ ኖራ ያጥባል፤ በክረምት ሲቀዘቅዝ ደግሞ እየሰፋ ድንጋዩን ይሰነጥቃል። በውጭ የሚታየው የተሰነጠቀ ምሰሶ ነው፤ መነሻው ግን ጣሪያው ነው። ምሰሶውን ብቻ እየጠገኑ ውኃውን መተው ገንዘብ ማፍሰስ ነው። በውጭ በሚታየው ጉዳት ተመርቶ የወጣ ግምትም ሁልጊዜ ይበዛል፣ ምክንያቱም ምልክቱን ሁሉ እንደ ራሱን የቻለ በሽታ ይቆጥራልና። በ1988 በድልድዩ ከፊል ላይ የሙከራ ጥገና ተደረገ። ውጤቱም ሥራው ቀድሞ ከተነገረው በእጅጉ ባነሰ ገንዘብ እንደሚሠራ አሳየ። ሙሉው ጥገና በመጨረሻ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ፈጀ፤ ከዚህም 1 ሚሊዮኑን የሰጠው የቅርስ ጥበቃ ተቋሙ ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ነው።

ከጉዳዩ ሁሉ ለሌላ ቦታ በቀጥታ የሚወሰደው ትምህርት ይህ ነው። የድሮ ጣቢያ እድሳት ሲመከር አንድ ትልቅ የወጪ ቁጥር መድረኩን ይገዛል፤ ጣሪያው፣ መሠረቱ፣ ድልድዩ። ከምክክሩ በፊት ትንሽ ክፍል ከፍቶ በሙከራ መሥራት ይቻላል። አንድ የጣሪያ ማዕዘን፣ ሁለት ሜትር ግድግዳ፣ አንድ መስኮት። ሰዓቱንና ዕቃውን መዝግቦ፣ በጠቅላላው ስፋት አባዝቶ፣ ያልታየውን ጉዳት የሚሸፍን መጠባበቂያ ጨምሮ ማቅረብ ነው። ሕዝቡ ስለ ወጪ የሚናገረው እውነተኛ ቁጥር ፊቱ ሲቀመጥ ብቻ ነው።

ኤፕሪል 11 ቀን 1989 የትራንስፖርት ሚኒስትር ዴኤታው ማይክል ፖርቲሎ መስመሩ እንዳይዘጋ መወሰኑን አስታወቀ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ቁልፉን ማን ይያዝ?

ባቡሩ ከተረፈ በኋላ ሌላ ዓይነት ምክክር ያስፈልግ ነበር፣ ይሄኛው ደግሞ ጫጫታ የለበትም። በየጣቢያው ባዶ ሕንፃ አለ። ባቡሩ ይቆማል፣ ቲኬት ሻጭ ግን አይመለስም። ቤቱን ማን ይጠግን? ከጠገነስ በኋላ ምን ይሥራበት?

አንዳንዱ ሕንፃ ተሽጦ ነበር። የዴንት ጣቢያ በግል እጅ ገብቶ ለእንግዳ የሚከራይ ማረፊያ ሆኗል። ሕንፃው ድኗል፤ መንገደኛው የሚጠቀምበት ግን መድረኩንና መጠለያውን ነው። ሽያጭ ፈጣን መፍትሔ ነው፣ ዋጋው ግን ሕዝቡ በሕንፃው ላይ ያለውን ቃል ለዘለቄታው ማጣቱ ነው።

ሌላው መንገድ በ1990 የተቋቋመው የሴትልና ካርላይል የባቡር አደራ ድርጅት የሄደበት ነው። ባለቤትነቱ በባቡር ድርጅቱ እጅ ሆኖ አደራ ድርጅቱ ሕንፃውን በረጅም ጊዜ ኪራይ ይወስዳል፣ ያድሳል፣ ከፊሉን አከራይቶ ጥገናውን ይሸፍናል። የሪብልሄድ ጣቢያ የጎብኚዎች ማዕከል ሆነ፤ ከርክቢ ስቲቨንም በዚሁ መንገድ ታድሶ ማረፊያ ክፍሎች ተከፈቱበት። የሴትልን የምልክት ቤት (የባቡር ማሳለፊያ ምልክቶች ይመሩበት የነበረውን ክፍል) ደግሞ የወዳጆች ማኅበሩ ከቦታው አንሥቶ አድሶ ለጎብኚ ከፈተው። በ1991 መስመሩ በሙሉ የቅርስ ጥበቃ ክልል ተብሎ ስለተሰየመ ከሴትል እስከ ካርላይል የሚደረግ ለውጥ አንድ ዓይነት ምዘና ይጠብቀዋል።

እንዲህ ያለ ሕንፃ ላይ ሕዝብ ሲመከር ጥያቄው «ምን እንዲሆን ትፈልጋለህ?» ከሆነ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቡና ቤትና ሙዚየም። ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግን በቀን ጥቂት ባቡር የሚቆምበት ጣቢያ ሻይ ቤትን በክረምት አያኖርም። የሚሻለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ በየሳምንቱ ስንት ቀን ራስህ ትመጣለህ፣ ማን ይከፍተዋል፣ ማን ይዘጋዋል? የከርክቢ ስቲቨን ሕንፃ ከከተማው 2.5 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ለባቡር ያልመጣ ሰው ለሻይ ብሎ አይደርስም። ማረፊያ ክፍል የተመረጠው ስለዚህ ይመስለናል። እንግዳው በባቡር ይመጣል፣ ያድራል፣ በባቡር ይመለሳል፤ ርቀቱ አይጎዳውም።

ከምክክሩ በፊት ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ያለባቸው ሰነዶችም አሉ፣ ያለ እነሱ ስብሰባ መጥራት ሰው ማድከም ነው። የድንበር ካርታው መድረኩ፣ ሕንፃው፣ የመኪና ማቆሚያውና ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ የማን እንደሆኑ በቀለም ለይቶ ያሳያል፤ ብዙ ጊዜ አራቱም የተለያየ ባለቤት አላቸው፣ ፕሮጀክቱም በመጨረሻው ሰዓት የሚደናቀፈው በመግቢያ መንገዱ ነው። የሕንፃው የጉዳት ዘገባ አሸንዳውን፣ የጣሪያውን የእርሳስ ብረት ልባስ፣ የወለሉን እንጨትና የግድግዳውን ማያያዣ ይዘረዝራል። በኖራ የተሠራ የድንጋይ ግድግዳ በኋላ በሲሚንቶ ተጠጋግኖ ከሆነ መፋቅ አለበት፣ ምክንያቱም ሲሚንቶው እርጥበቱን ከውስጥ ያፍነውና ድንጋዩ ፊቱን ይልጣል። የመንገደኛ ቆጠራው ደግሞ በሥራ ቀን፣ በገበያ ቀንና በእሑድ፣ በእያንዳንዱ ባቡር የሚወርደውንና የሚሳፈረውን ይዞ፣ መንገደኛው በእግር ይሁን በመኪና፣ በምን ተጉዞ ጣቢያው እንደደረሰ ይጠይቃል። ስብሰባ አዳራሽ የማይመጣው ወጣትና ሠራተኛ የሚገኘው መድረኩ ላይ ነው፤ ባቡር ሲጠብቅ አሥር ደቂቃ አለው።

ኪራዩ አጭር ከሆነ የእድሳት ገንዘብ የሚሰጥ አይገኝም። ስለዚህ የውሉ ዘመን፣ ባቡር ድርጅቱ ለጥገና ወደ ሕንፃው የመግባት መብቱና በመድረኩ በኩል ያለው በር ማን እንደሚዘጋው ከቀለምና ከወንበር ምርጫ በፊት ይወሰናል። የቀረበ አስተያየት ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ተቀባይነት አግኝቶ እንደሆነ፣ ካላገኘም ለምን እንደሆነ በአንድ መዝገብ ተጽፎ ለአስተያየት ሰጪው ይመለስለታል። ይህ ካልተደረገ ሁለተኛው ስብሰባ ባዶ አዳራሽ ነው።

በ2016 መጀመሪያ ከአርማትዌይት በስተ ሰሜን፣ ኢደን ብራውስ በተባለው ቦታ መሬቱ ከሐዲዱ ሥር ወደ ኢደን ወንዝ ተንሸራትቶ መስመሩ ተቋረጠ። ጥገናው 23 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ፤ ማርች 31 ቀን 2017 ባቡሩ እንደገና አለፈ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በጋዜጣ ላይ የመዝጋት ማስታወቂያ አልወጣም።